የጤና መድኅን ደብተር የሚከፍለውና የማይከፍለው ወጪ፦ ከሰሜን ጎንደር ደጋ እስከ ጎንደር ከተማ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄው በየጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል፣ በየሆስፒታሉ የመድኃኒት መስኮትና በየወረዳው የጤና መድኅን ክፍል ደጃፍ በየቀኑ ይሰማል፦ «ይህን ደብተሩ ይከፍላል ወይ?» የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ይከፍላል» ወይም «አይከፍልም» የሚል አንድ ቃል ነው። ከዚያ አንድ ቃል በስተጀርባ ግን ሕግ አለ፣ የገንዘብ ቋት አለ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ አለ፣ መንገድም አለ።

ዋና ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሕግ የዘረዘረው የሚከፈልና የማይከፈል ወጪ አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛው ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳንለካ የመድኅኑን ጥቅም ለክተናል ማለት አንችልም። ለጎንደር ከተማ ነዋሪ ልዩነቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ለጃናሞራ፣ ለበየዳ ወይም ለጠለምት ሰው ግን ሰፊ ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂን ያጸደቀው በ1990 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በተከታታይ በወጡ የክልል ሕጎች የጤና ተቋማት ከሕሙማን የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ። አገልግሎቱም በሦስት ወገን ተለየ፦ ለማንኛውም ሰው በነጻ የሚሰጥ፣ መክፈል ለማይችል ብቻ በነጻ የሚሰጥ፣ እና ክፍያ የሚጠየቅበት። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ለእነዚህ ደብተር ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው በነጻ የሚገባውን አገልግሎት ደብተሩ ያስገኘለት ይመስለዋል፣ ደብተር የሌለው ደግሞ የሚያስከፍሉት መስሎት ከቤቱ ይቀራል።

ከሦስቱ ወገኖች ሸክሙ የሚከብደው በሦስተኛው ላይ ነው። የብሔራዊ የጤና ሒሳብ ጥናቶች እንደሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2013/14 ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ 33 በመቶ ያህሉ፣ በ2016/17 ደግሞ 31 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር። በዓለም አቀፉ የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያ አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ወይም ገቢው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ካወጣ የጤናው ወጪ ከአቅም በላይ ሆኗል ይባል ነበር። መለኪያው ጠቃሚ ነው። የደጋውን ገበሬ ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ግን መቶኛው ሁሉን አይናገርም። ጥንድ በሬ ያለው ሰው አንዱን በሬ በሰኔ ወር ለሕክምና ቢሸጥ፣ ያወጣው ገንዘብ የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም። ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ተራ ይጠብቃል፤ እርሻው ይዘገያል። ተራው ካልደረሰው መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። የአንድ ሳምንት ሕመም የአንድ ዓመት እህል ይወስዳል ማለት ነው። የጤና መድኅን የተፈለገው ይህን ለመከላከል ነው።

መድኅኑ እንዴት ይሠራል?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በኢትዮጵያ በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነበር። ከአማራ ክልል ሦስት ወረዳዎች ተመረጡ፦ ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ጎረቤታችን ፎገራ። ሙከራው ከተገመገመ በኋላ አሠራሩ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፍቷል። ለመደበኛ ደመወዝተኞችና ለጡረተኞች የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድኅን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጎ፣ ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005 ወጥቷል። ይህኛው ሕግ ቀድሞ ቢጻፍም ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት አልፈዋል። ገበሬው ከደመወዝተኛው ቀድሞ ባለደብተር ሆነ ማለት ነው።

የገበሬው መድኅን አሠራር ለእድር አባል እንግዳ አይደለም። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ መዋጮ ይከፍላል። መዋጮው በወረዳ ደረጃ በአንድ ቋት ይጠራቀማል። በሙከራው ጊዜ የፌዴራል መንግሥት በመዋጮው ላይ 25 በመቶ ድጎማ ይጨምር ነበር፤ መክፈል የማይችሉትን ቤተሰቦች መዋጮ ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸው ነበር። ቋቱ ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል ይገባል። አባሉ ሲታከም ገንዘብ አይከፍልም፤ ተቋሙ የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ሒሳቡን ከቋቱ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ልጨምር። በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ «የጤና ቁጠባ ሒሳብ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። አንድ ሰው ከፍ ያለ የራስ ድርሻ የሚጠይቅ መድኅን ካለው፣ ከግብር ነጻ የሆነ ገንዘብ በራሱ ስም ያስቀምጣል፤ ሲታመምም ከዚያ ያወጣል። ከጤና ውጭ ለሆነ ነገር ካወጣው ግብሩን ይከፍላል፤ እድሜው 65 ካልሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ ካልሆነ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ ይቀጣል። ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከደመወዝ የሚቀነስ ተመሳሳይ የሕክምና ቁጠባ አላት። የእነዚህ መሠረት የግለሰብ ቁጠባ ነው፤ ያጠራቀመ ይታከማል፣ ያላጠራቀመ ይቸገራል። የእኛው ግን የመረዳዳት ቋት ነው፤ ዘንድሮ ያልታመመው ለታመመው ይከፍላል። በመርሕ ደረጃ የእኛን እመርጣለሁ። የሚከፈለውን ወጪ በመለየት ረገድ ግን ከእነርሱ ዝርዝር የምንማረው ነገር አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው በር፦ የሕጉ ዝርዝር

ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን የሚሸፍነው ሰፊ ነው። ምርመራ፣ ተመላላሽ ሕክምና፣ ተኝቶ መታከም፣ ቀዶ ሕክምና፣ ላብራቶሪና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ውል በተገባበት ተቋም ይሸፈናሉ። በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምናና በአብዛኛው ለመልክ ማሳመሪያ የሆነ ሕክምና፣ ለምሳሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አይሸፈኑም። የደመወዝተኞቹ ደንብ ዝርዝር ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። በሚከለክላቸው መካከል የአካል ንቅለ ተከላ፣ ድንገተኛ ካልሆነ የኩላሊት እጥበት፣ መነጽር፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፣ ከሕመም ጋር ያልተያያዘ አጠቃላይ ምርመራ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትና የትራፊክ አደጋ ይገኛሉ።

ተማሪዎች ይህን ዝርዝር በቃላችሁ ከመያዝ ይልቅ እያንዳንዱ ለምን እንደተከለከለ ብትጠይቁ ይሻላል፤ ምክንያቱ አንድ ዓይነት አይደለምና። የትራፊክ አደጋ የተተወው ሌላ ከፋይ ስላለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፤ የተጎዳ ሰውም አስቸኳይ ሕክምና ያገኛል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትም በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ይህ ዓይነቱ ክልከላ ሌላው ከፋይ በእርግጥ እስከከፈለ ድረስ ትክክል ነው። በገዛ ማሳው ላይ የተጎዳ ገበሬ ግን አሠሪ እንደሌለው መዘንጋት የለበትም። የደመወዝተኛውን ክልከላ እንዳለ ወደ ገበሬው ማዛወር ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ የተተዉበት ምክንያት ዋጋቸው ነው። ኩላሊቱ ፈጽሞ የደከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜውን ሙሉ መታጠብ አለበት። የአንድ ወረዳ ቋት ጥቂት እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ቢሸከም ለሺዎች የወባና የሳንባ ምች ሕክምና የተጠራቀመውን ይጨርሳል። ውሳኔው ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ከድህነት የመጣ እንጂ ከንቀት የመጣ አይደለም። መፍትሔውም «ይከፈል» ብሎ በመፍረድ አይገኝም፤ ቋቱን በማስፋት ነው የሚገኘው። አንድ ወረዳ የማይችለውን ዞን ሊችለው፣ ዞን የማይችለውን ክልል ወይም አገር ሊችለው ይችላል።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በሌላ ሚዛን መታየት አለባቸው። የጎንደር በዓታ የአቋቋም ምስክር ቤት እንደሆነች ታውቃላችሁ። ዓይኑ የደከመ መሪጌታ መነጽር ካላገኘ ማስተማሩ ይቆማል። ዓይኗ የደከመ ፈታይ፣ መርፌ መሰካት ያቃተው ልብስ ሰፊ፣ ክሩን መለየት የተሳነው ሸማኔም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች መነጽር ጌጥ አይደለም፤ የእንጀራ መሣሪያ ነው። የአሜሪካው የጤና ቁጠባ ሒሳብ መነጽርንም ሰው ሠራሽ ጥርስንም እንደ ሕክምና ወጪ ይቀበላል፤ ለመልክ ብቻ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ግን አይቀበልም። መስመሩን ያሰመረው ማየትንና ማኘክን ከመልክ ለይቶ ነው። እኛም ዝርዝራችንን ስንከልስ «ይህ ነገር ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ብንጨምር ይጠቅመናል።

ሁለተኛው በር፦ የቅብብል ሥርዓት

በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ወጪ ሁሉ በየትም ቦታ አይከፈልም። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል በመድኅኑ አሠራር የወጪውን ግማሽ ያህል ራሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። ሥርዓቱ ምክንያት አለው። በጤና ጣቢያ የሚድን ሕመም ሁሉ ሆስፒታል ከመጣ ሆስፒታሉ ይጨናነቃል፣ ቋቱም ይራቆታል።

ሆኖም ሕጉ ደረጃን ሲቆጥር መልክዓ ምድርን አይቆጥርም። ለከተማው ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል መዛወር የአንድ ባጃጅ ጉዞ ነው። አዲ አርቃይ ላለ ሰው ግን ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅ መድረስ ነው፤ ከደባርቅ ጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። አንድ የጎደለ ፊርማ ወይም ማኅተም በከተማ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ በደጋው ግን የሁለት ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሪፈር ወረቀት የምትጽፉ የወደፊት ሐኪሞችና የጤና መኮንኖች፣ ያ ቁራጭ ወረቀት የገንዘብ ሰነድ እንደሆነ አስታውሱ። ስሙን ከደብተሩ ጋር አስተያይታችሁ፣ ቀኑን ሞልታችሁ፣ ማኅተሙን አይታችሁ ስጡ። ለድንገተኛ ሕመምተኛ ደግሞ ሕክምናው ይቀድማል፤ ወረቀቱ ይከተላል።

ሦስተኛው በር፦ መደርደሪያው

ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘዘ፤ መድኃኒቱ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ደብተሩም ታድሷል። የመድኃኒት መስኮቱ ግን «ከውጭ ግዙ» አለ። በዚያች ቅጽበት ሕጉ ያልከለከለው ወጪ በተግባር የተከለከለ ይሆናል። በመድኅኑ ላይ ከአባላት የሚነሡ ቅሬታዎችን ያዳመጠ ሁሉ ይህንን አብዝቶ ሰምቷል። አባሉ መዋጮውን የከፈለው ለመድኃኒት ነበረና «ሁለት ጊዜ ከፈልሁ» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ላለማሳደስ የሚያስብ ቢኖር አትፍረዱበት።

በአንዳንድ ወረዳዎች አባሉ ከውጭ የገዛበትን አቅርቦ ገንዘቡ የሚተካበት፣ በሌሎች ደግሞ ከመድኃኒት ቤቶች ጋር ውል የሚገባበት አሠራር አለ። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አባሉ አስቀድሞ ወረዳውን መጠየቅ ይኖርበታል። በየትም ቦታ ቢሆን ግን ይዞ መገኘት የሚጠቅሙ አራት ሰነዶች አሉ፦ የታደሰው ደብተር፣ ማኅተም ያለበት የሐኪም ማዘዣ፣ መድኃኒቱ በተቋሙ እንዳልነበረ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ፣ እና ሕጋዊ ደረሰኝ። በቃል የተገዛ መድኃኒት በቃል ይቀራል። የደጋው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ሦስተኛውን ሰነድ ነው፤ መስኮቱ «የለም» ብሎ በአፍ ይመልሰዋልና። መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠሩ ወይም የምትለማመዱ ፋርማሲስቶች በማዘዣው ጀርባ «የለም» ብላችሁ ጽፋችሁ ብትፈርሙ ለአንድ ቤተሰብ የበግ ዋጋ ልታድኑለት ትችላላችሁ።

የመደርደሪያው መጉደል የአንድ ተቋም ጥፋት ብቻ አይደለም። የመድኃኒት ግዢ ይዘገያል፤ የውጭ ምንዛሪ ያጥራል፤ ቋቱ ለተቋሙ ሒሳቡን ሳይከፍል ሲቆይ ተቋሙ የሚገዛበት ያጣል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ከዚያም በኋላ የመንገድ መዘጋት አቅርቦቱን አስቸግሯል። ምክንያቱ ይህ ሁሉ ቢሆንም ሸክሙ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በበሽተኛው ኪስ ላይ ነው።

አራተኛው በር፦ መንገዱ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሻለሁ። ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ አስቡ። ከጃናሞራ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር ገበሬ ሣር ሲያጭድ ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰበረ እንበል። ደብተሩ የታደሰ ነው። ወጪዎቹን በተራ እንቁጠራቸው።

ጎረቤቶቹ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ያወርዱታል፤ ለተሸካሚዎቹ ምግብ ይቀርባል። ደብተሩ አይከፍልም። በመኪና ወደ ወረዳው ጤና ተቋም፣ ከዚያም ወደ ደባርቅ ይጓዛል። አምቡላንስ ካልተገኘ የመኪናውን ደብተሩ አይከፍልም። በደባርቅ ምርመራና ራጅ ይደረግለታል። ይከፍላል። ወደ ጎንደር ይጻፍለታል፤ ተሳፍሮ ይመጣል። የመሳፈሪያውን አይከፍልም። በጎንደር ይተኛል፤ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ይከፍላል። አንዳንድ መድኃኒትና የቀዶ ሕክምና ዕቃ ከውጭ ይገዛል። ምናልባት ይተካለት ይሆናል። ሁለት አስታማሚዎች አብረውት መጥተዋል፤ ማደሪያ ይከራያሉ፣ እንጀራ ይገዛሉ። አይከፍልም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለክትትል ይመለሳል፤ መንገዱም አብሮ ይመለሳል። አይከፍልም። እነዚያ አስታማሚዎች ያልሠሩበት የአጨዳ ቀን ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ትልቁን ዋጋ፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ደብተሩ ችሎታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምስጋና ይገባዋል። በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረጉ ጥናቶችም አባል ቤተሰቦች ወደ ጤና ተቋም መሄዳቸው መጨመሩን፣ ለሕክምና መበደራቸው መቀነሱን አሳይተዋል። ነገር ግን ምሳሌያችን ውስጥ ያለው ገበሬ ከቤቱ ለመውጣት ወይም ላለመውጣት የሚወስነው ቀዶ ሕክምናውን አይቶ አይደለም። የሚወስነው በእጁ የመሳፈሪያና የስንቅ ገንዘብ መኖሩን አይቶ ነው። ያ ገንዘብ ከሌለ የተከፈለለት ቀዶ ሕክምና አይደርሰውም። መዋጮው ግን እንደማንኛውም አባል ነበር። መንገዱ ያልተሸፈነበት መድኅን፣ ሳናስበው፣ ከሩቅ የሚኖረው ለቅርቡ የሚያዋጣበት ቋት ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው አባቶቻችን ይህን መንገድ ሳያዩ አላለፉም። ቃሬዛ መሸከም በደጋው አገር የጋራ ግዴታ ነው፤ እድርም ቢሆን የቀረውን ሰው ይቀጣል። ያ ባህላዊ መድኅን ሐኪሙን መክፈል አይችልም ነበር፤ መንገዱን ግን ይሸፍን ነበር። አዲሱ መድኅን ሐኪሙን ይከፍላል፤ መንገዱን ግን ለባህሉ ተወው። ቃሬዛው ደግሞ የሚያደርሰው እስከ መኪና መንገድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሸከም የለም።

መንገድን የሕክምና ወጪ አድርጎ መቁጠር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካው ዝርዝር ለሕክምና ሲባል የተደረገን አስፈላጊ ጉዞ ይቀበላል፤ በተወሰነ ሁኔታ ሕክምና ባለበት ከተማ ለማደሪያ የሚወጣውንም በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት እስከ 50 ዶላር ድረስ ይፈቅዳል። ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን በገዛ አገራችንም መንግሥት ለወላድ እናቶች ይህን መርሕ ተቀብሏል። አምቡላንስ ለየወረዳው የታደለው፣ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የተሠራው መንገዱ ራሱ እንደሚገድል ስለታወቀ ነው። ለወላዷ እውነት የሆነው እግሩ ለተሰበረው፣ አንጀቱ ለተቋጠረው፣ ትንፋሽ ላጠረው ሕፃንም እውነት ነው።

ምን ይደረግ?

ተቃውሞው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቋቱ ትንሽ ነው፤ ያሉበትን ግዴታዎች እንኳ በጭንቅ ይወጣል። የመሳፈሪያ ደረሰኝ በቀላሉ ይፈጠራል። አንዱ ከተከፈለው ሁሉም ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ስጋቶች ናቸው፤ የሚመለከቱት ግን አፈጻጸሙን እንጂ መርሑን አይደለም።

የማቀርበው ሐሳብ የተወሰነ ነው። አንደኛ፣ የመንገድ ድጋፉ ለማንኛውም ጉዞ ሳይሆን በሪፈር ከወረዳ ወደ ውጭ ለተላከ ሕመምተኛና ለአንድ አስታማሚ ብቻ ይሁን። መጠኑም በርቀት አስቀድሞ ይቆረጥ፤ የሪፈር ወረቀቱ ራሱ ማስረጃ ስለሚሆን የመሳፈሪያ ደረሰኝ አያስፈልግም። በአንድ ወይም በሁለት ሩቅ ወረዳዎች ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ወጪው ይለካ። ሁለተኛ፣ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት የሚተካበት አሠራር በሁሉም ወረዳዎች አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስተኛ፣ እንደ ኩላሊት እጥበት ያሉ ከባድ ወጪዎች ከወረዳ ቋት ወጥተው በሰፋ ቋት ይታሰቡ። አራተኛውና ገንዘብ የማይጠይቀው፣ የሚከፈለውና የማይከፈለው ዝርዝር በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ መዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜም ይነበብ። ሰው የማይከፈለውን አስቀድሞ ካወቀ ስንቁን ያዘጋጃል፤ መስኮት ላይ ደርሶ ሲያውቅ ግን እንደተታለለ ይቆጥረዋል። በመተማመን የሚቆም ቋት ደግሞ እንደተታለለ በሚያስብ አባል አይጸናም።

ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች የቀረኝ አንድ አደራ ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። ዛሬም ለቡድን ሥልጠና ወደ ወረዳዎች ትወጣላችሁ፤ በዳባት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ነዋሪውን ለረጅም ዓመታት የተከታተለበት የምርምር ማዕከል አለ። መጠይቅ ስታዘጋጁ «ለሕክምና ስንት ከፈላችሁ?» ብላችሁ አታቁሙ። በሽተኛው ከቤቱ ደጃፍ ከወጣበት እስከተመለሰበት ድረስ ያለውን ወጪ በተራ ጠይቁ፦ ለመሳፈሪያ፣ ለማደሪያ፣ ለስንቅ፣ ከውጭ ለተገዛ መድኃኒት። ገንዘቡን ከየት እንዳመጡት፣ ምን እንደሸጡ፣ በምን ወር እንደሸጡም ጠይቁ። ደብተር እያላቸው ሳይሄዱ የቀሩትንም ፈልጉ፤ እነርሱ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አይገኙም፣ ከቋቱ ሒሳብም የሉም። ዝርዝሩን የሚከልሱት ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ማስረጃ ይህ ነው፤ ሊሰበስበው የሚችለውም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።